ገንዘብ ከአንዱ፣ ፋብሪካ ከሌላው

በጥናት ማኅበራችን ክርክር ላይ፣ ጎረቤታሞች መንግሥታት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ በጋራ ቢያቆሙ ከባዕድ ሻጭ ጥገኝነት ይድናሉ የሚል አሳብ ቀርቦ ነበር። ተናጋሪው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብሎ ሲጨርስ አዳራሹ አጨበጨበ፤ እኔም አጨብጭቤአለሁ። ለምሳሌ ያመጣው የዓረብ የኢንዱስትሪ ድርጅትን ሲሆን፣ ማኅበሩን ያፈረሰው የካምፕ ዴቪድ ስምምነት ብቻ ነው አለ። ይህ ፍርድ የችኮላ ይመስለኛል።

ድርጅቱን በ1975 (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ያቋቋሙት ግብፅ፣ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ቃጣርና የተባበሩት የዓረብ ኤምሬቶች ናቸው። ካፒታሉ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበረ። ዳሩ ግን መዋጮው ከማን ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ጥሬ ገንዘቡ የመጣው ከነዳጅ ባለቤቶቹ ነው፤ ግብፅ በበኩልዋ ፋብሪካዎችዋን ከነሠራተኞቻቸው አስገባች። የአውሮፕላኑና የሞተሩ ፋብሪካዎች በሔልዋን፣ ማለት በካይሮ ደጃፍ ነበሩ። እንግዲህ ባለገንዘቡ ቢወጣ ከአገሩ የሚዘጋበት ፋብሪካ የለም፤ ባለፋብሪካውንም ከቦታው የሚነቅለው የለም። በመጋቢት 1979 ግብፅ ከእስራኤል ጋር የሰላም ውል ፈረመች፤ በግንቦት ሳዑዲ ዓረቢያ ሦስቱ መንግሥታት እንደሚወጡ አስታወቀች። ሊንክስ የተባለውን ሄሊኮፕተር በግብፅ ለመሥራት ከእንግሊዙ ዌስትላንድ ጋር የተደረገው ውል ተሰናከለ፤ ኩባንያውም ነገሩን ወደ ግልግል ዳኝነት ወሰደው። ፋብሪካዎቹን ግብፅ ብቻዋን ይዛ ቀጠለች። ጠቡ ምክንያት መሆኑን አልክድም፤ ይሁን እንጂ ለመለያየት ሁለት ወር የበቃው ስፌቱ ቀድሞውኑ የላላ ስለ ነበረ ነው።

ከዚህ ጋር የቶርኔዶን አውሮፕላን እናስተያይ። በ1969 እንግሊዝ፣ ምዕራብ ጀርመንና ኢጣሊያ ፓናቪያ የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ። አፍንጫውንና ጅራቱን እንግሊዝ፣ መካከሉን ጀርመን፣ ክንፎቹን ኢጣሊያ ሠሩ። የተቀየመ ቢኖር በእጁ የሚቀረው ክንፍ ብቻ ወይም ጅራት ብቻ ነው። ቤልጅግና ሆላንድም የወጡት ገና ሥራው በጅምር ሳለ ነው። እርግጥ ሦስቱም አውሮፕላኑን በየአገራቸው ልንገጣጥም አሉና ሦስት የመገጣጠሚያ ሥፍራ ተሠራ። ይህ ብክነት ነው፤ እኔ ግን እንደ ማኅበሩ ዋጋ እቆጥረዋለሁ።

ሦስቱ አውሮፓውያን አስቀድሞ የአውሮፕላን ሙያ ነበራቸው፣ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ግን ያን ጊዜ አልነበራቸውም የሚል ተከራካሪ ይኖራል። እውነቱን ነው። ቢሆንም ከዚያ ሁሉ ገንዘብ ጥቂቱ ሪያድ ላይ ሙያተኛ ለማሠልጠን ቢውል፣ ሔልዋን ያለ እርሱ የማይጨርሰው አንድ ክፍል እንኳ ከዚያ ሊመጣ ይችል ነበር። የክርክራችን ተናጋሪ ስንት ገንዘብ እንደሚዋጣ አስረድቶናል፤ የትኛው አገር የትኛውን ክፍል እንደሚሠራ ግን አልነገረንም።