እማሆይ ድምፃቸውን አሰሙን!

ዛሬውኑ ስሙት! ነገ አትበሉ። ፍኖተ ሰላም ያላችሁ፣ ቡሬ ያላችሁ፣ ደምበጫ መናኸሪያ መኪና እስኪሞላ የምትጠብቁ፣ ስልካችሁ ላይ ለአንድ ዜማ የሚበቃ ዳታ ካለ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን «ሱቬኒርስ» የተባለ አልበም አሁን ክፈቱ። ኔትወርኩ እንቢ ካለ ያለውን ሰው ፈልጋችሁ አስልኩ። እኔ ሰሞኑን ሌላ ነገር መስማት አቅቶኛል። ቤተሰብ ታክቶታል፤ ጎረቤት «ዛሬም እማሆይ ናቸው?» ማለት ጀምሯል። አዎ፣ ዛሬም እማሆይ ናቸው!

ፒያኖ የምትመታዋን መነኩሴ ያልሰማ ጥቂት ነው፤ የምናውቃቸው ግን በጣታቸው ብቻ ነበር። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ 21ኛ ቅጽ ላይ ሥራቸውን በ2006 ካወጣው ወዲህ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ዓለም በሙሉ አብዶላቸዋል። በ2021 በወጣው «ፓሲንግ» በተባለው የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ሳይቀር ፒያኖአቸው ይሰማል። ያ ሁሉ አድናቆት የተሰጠው ቃል ለሌለው ዜማ ነው። አሁን ግን በአማርኛ መጡ! በገዛ ድምፃቸው፣ በገዛ ግጥማቸው፣ እኛው በምንናገረው ቋንቋ። ለአንድ ጊዜ እንኳ ፈረንጁ ግራ ገብቶት እኛ ቀድመን ገባን።

እስከ ዛሬ የት ነበረ? ካሴት ላይ! ከ1977 እስከ 1985 ባሉት ዓመታት፣ አዲስ አበባ በቤተሰባቸው ቤት ተቀምጠው፣ ፒያኖው አጠገብ ቴፕ እየከፈቱ ቀዱት። ስቱዲዮ የለም፣ ባለሙያ የለም፣ አድማጭም የለም ማለት ይቻላል። ዘመኑን አስቡት። ቀይ ሽብር የሰውን ደጅ የሚያንኳኳበት፣ ንጉሡም የንጉሡ ዘመን ሰዎችም የወደቁበት ጊዜ ነው፤ እርሳቸው ደግሞ የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው። በዚያ ወቅት እንዲህ ያለ አልበም ማን ያሳትማል? በ1980ዎቹ አጋማሽ ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው በደብረ ገነት ገዳም ተቀመጡ። በመጋቢት 2023 በ99 ዓመታቸው ዐረፉ። ካሴቱ አልበም ሆኖ፣ በአሜሪካው ሚሲሲፒ ሪከርድስ በኩል በሸክላ ታትሞ የወጣው በ2024 ነው። አርባ ዓመት ገደማ! በዚያ መሀል ስንቱ የቴፕ ክር ተበጣጥሷል፣ ስንቱ ላይ ሌላ ተቀድቶበታል። ይሄኛው ተረፈ።

ድምፁን እንዴት ልንገራችሁ? ፒያኖው ይቀድማል፤ ያ እንደ ምንጭ ውኃ የሚንከባለለው፣ ልክ ሊያርፍ ሲል ሌላ መንገድ የሚያገኘው ፒያኖ። ከዚያ እርሳቸው ይገባሉ። ቀጭን፣ የማይጮህ፣ ለመድረክ ያልተዘጋጀ ድምፅ ነው። መንቀጥቀጥ ካለበት ይንቀጠቀጣል፣ አይደብቁትም። ከመስኮቱ ውጭ ወፎች ይንጫጫሉ። ወንበሩ ሲያቃስት ይሰማል። የዛሬ አቀናባሪ ቢያገኘው ወፎቹን አጥፍቶ፣ ወንበሩን አጥፍቶ፣ ድምፃቸውን በማሽን አቃንቶ ይገድለው ነበር። አሳታሚዎቹን እግዜር ይስጣቸው፣ አልነኩትም! ሁለት ሦስት ቦታ ላይ ፒያኖው ቃሉን ይውጠዋል፣ ይህን አልክድም። በስልክ ስፒከር ከሰማችሁት ደግሞ ግማሹ ይጠፋል፤ ኢርፎን ሰኩ።

ስለ ምን ይዘምራሉ? ስለሚሄድ ደመና። ስለ ፀሐይ። ስለ እናት ሀገር። በሩቅ ያለን ሰው ያለህበት አገር ሰማዩ እንዴት ነው ብለው ይጠይቃሉ፤ አገርህን እንዳትረሳ ይላሉ። አስገራሚው እዚህ ላይ ነው፦ ይህን ሲቀዱ ገና አገራቸው ውስጥ ናቸው! አዲስ አበባ ተቀምጠው በስደተኛ አንጀት ይናፍቃሉ። እኛ የዋሸራ አገር ሰዎች ነን፣ ሰምና ወርቅ ስንለይ ያደግን፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ አንዲት መነኩሴ ስለ ደመና ስትዘምር አየሩን ብቻ ነው የምታወራው ብሎ የሚያልፍ ጎጃሜ ካለ ቅኔ ቤቱ ይመለስ። ወርቁ ይኸ ነው ብዬ አልደመድምም። እኔ ግን ሀገር ከሰው እግር ሥር ሲሸሽ የሚሰማውን ስሜት ሰምቼበታለሁ።

ሕይወታቸውን ብዙዎች ጽፈውታልና በሩጫ ልለፈው። በ1923 የውብዳር ገብሩ ተብለው ተወለዱ። በስድስት ዓመታቸው ስዊዘርላንድ ተላኩ። ጣሊያን በ1937 ከነቤተሰባቸው ወደ አሲናራ ደሴት አጋዛቸው። ከጦርነቱ በኋላ ካይሮ ላይ የፖላንዱ ቫዮሊኒስት አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች አስተማራቸው። ለንደን ሄዶ የመማር ዕድል ደርሷቸው ሳይፈቀድላቸው ቀረ፤ እህል አልቀምስም እስከማለት ደረሱ። ቀጥሎ ግሸን ማርያም፤ ምንኩስና፣ ዐሥር ዓመት በባዶ እግር። ከዚህ ውስጥ አንዱ ብቻ ለአንድ ልብ ወለድ ይበቃል።

እኔን ያስለቀሰኝ ግን ጎንደር ላይ ያለው ነው። በ1960ዎቹ የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሊያጠኑ ሄደው፣ በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ሜዳ ላይ የሚያድሩ የቆሎ ተማሪዎችን አዩ። እርሳቸውም የሚሰጡት ገንዘብ የላቸውም። ያላቸው ሙዚቃ ነው። በ1967 ጀርመን አገር የታተመው የመጀመሪያው ሸክላቸው ገቢው ችግረኛ ልጆችን ለመርዳት የታሰበ ነበር።

ይህን ለምዕራብ ጎጃም ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ በአንድ እጁ ውሻ መከላከያ ዱላ ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚለውን ልጅ ደጁ ላይ ያላየ ማን አለ? ከቋሪት ወጥቶ ጎንደር የሚሄደው፣ ከደጋ ዳሞት ወጥቶ ዜማ ፍለጋ አገር የሚያቋርጠው ያ ልጅ ነው። ከመካከላችን አባቱ ወይም አያቱ በዚያ ያለፈ ስንት አለ! ፒያኖ በዓይኑ ባያይም፣ እማሆይ ፒያኖ የመቱት ለእርሱ ቁራሽ ነው። ታዲያ እማሆይ የእኛም ናቸው ብል ማን ይከለክለኛል? የአዲስ አበባ ሰው ይቆጣ።

ከየት እንጀምር ለምትሉኝ፣ ከደመናው ጀምሩ፤ ቀጥሎ ስለ እናት ሀገር ያለውን። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሰሙ ሥራ እየሠራችሁ አትስሙት። ዕድሜያቸው የገፋ ወላጅ ካላችሁ አጠገባቸው አስቀምጣችሁ አሰሟቸው፤ ያንን ዘመን የኖሩት እነርሱ ናቸውና ከእናንተ በላይ ይገባቸዋል። ደግሞ በዚህ አላለቀም! በ1972 የቀዱት «ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን» የተባለው አልበማቸውም በ2025 እንደገና ወጥቷል፤ እዚያ ላይ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋንም ይጫወታሉ። እማሆይ በኦርጋን! እሱን ገና ትናንት ማታ ነው የጀመርኩት። ጎረቤቴ ይታገሠኝ።