በእኅት ልጅ ደጃፍ

እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ዲከንስ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1843 ዓ.ም. የልደት በዓል ጥቂት ቀን ሲቀረው በለንደን ያሳተመው «የልደት መዝሙር» የተባለው ትንሽ መጽሐፍ፣ ስክሩጅ የሚባለውን የአንድ ንፉግ ሽማግሌ ታሪክ ይናገራል። ብዙዎች አንባቢዎች መጽሐፉን የሚያስታውሱት በሌሊት ለስክሩጅ በታዩት መናፍስትና፣ ከተጸጸተ በኋላ ለድኻው ጸሐፊው በላከው ትልቅ የቱርክ ዶሮ ነው።

የመጽሐፉ ፍሬ ግን በሌላ ስፍራ ይገኛል። ስክሩጅ ዶሮውን የላከው ስሙን ሰውሮ ነው፤ ይህም ገንዘብ ላለው ሰው እጅግ የሚከብድ አይደለም። ወደ እኅቱ ልጅ ቤት በሄደ ጊዜ ግን፣ በዋዜማው ግብዣውን በቍጣ የመለሰ ሰው ነበርና፣ በሩን ለመምታት እስኪደፍር ድረስ ደጋግሞ በደጁ ተመላለሰ። ደራሲው በእጁ ምንም ስጦታ አላስያዘውም፤ ያቀረበው አስገቡኝ የሚል ልመና ብቻ ነው። ባለጠጋው ደጅ ጠና። ምጽዋት ሰጪውን ከፍ ያደርገዋል፤ ደጅ መጥናት ግን ያዋርደዋል። የእኅቱም ልጅ ስድቡን ሳይቈጥር በየዓመቱ ሊጠራው ቈርጦ ነበርና በደስታ ተቀበለው።

ደራሲው የሚነቀፍበት ነገር ቢኖር፣ ለመናፍስቱ ብዙ ገጽ ሰጥቶ ለዚህ ደጃፍ ጥቂት መስመር ብቻ ማስቀረቱ ነው። ዳሩ ግን ጌታ በተወለደበት ሌሊት በእንግዶች ማደሪያ ስፍራ እንዳልተገኘ የሚያስብ አንባቢ፣ የእነዚያን ጥቂት መስመሮች ክብደት አይስተውም። ዶሮው በማግሥቱ ተበልቶ ያልቃል፤ የታረቀ ዘመድ ግን ለከርሞም ይተርፋል።