የድል ማግስት ንባብ

ከገዳሪፍ ተነሥቶ ወደ ኢትዮጵያ ድንበር የሚዘልቀው መንገድ ገላባት ላይ ያበቃል። ከማዶ ያለችው መተማ ናት፤ ሁለቱን የሚያገናኛቸውም የሚለያቸውም አንድ ትንሽ ድልድይ ነው። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አጤ ዮሐንስ አራተኛ ከደርቡሽ ጦር ጋር ተዋግተው የወደቁት በዚህ አካባቢ ነው። ያ ቀን ለእኛ የሰማዕትነት ቀን ነው፤ ለሱዳናዊ ጎረቤቶቻችን ደግሞ የድል ቀን። በቱነይድባ በአንድ ገበያ እየተገናኘን፣ እየሸጥንና እየገዛን፣ እነርሱ ስለዚያ ቀን የሚያውቁትን እኛ ጠይቀን አናውቅም፤ የእኛንም አልነገርናቸውም።

ለመሆኑ የሌላውን ሕዝብ ታሪክ መማር ለማን ይጠቅማል? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ደካማው ከኃያሉ ይማር» የሚል ነው። ይህ ጽሑፍ ግን በተቃራኒው ይሟገታል። ደካማው ሳይወድ በግድ ይማራል፤ ስደተኛ የሰው አገር ቋንቋና ሕግ የሚያውቀው ኑሮ አስገድዶት ነው። ሳይማር ብዙ ዘመን መኖር የሚችለው ኃያሉ ነው፤ ዕዳውም የሚመጣው ከዚህ ነው።

ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አጤ ዮሐንስ በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ የግብፅን ጦር ድል ነሥተው ነበር። በ1876 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ከእንግሊዝ ጋር በተፈረመው ውል፣ በማህዲ ተከታዮች የተከበቡት የግብፅ ወታደሮች በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጡ ሊረዱ ተስማሙ። እንግሊዝ ራሷ ግብፅን ከያዘች ያን ጊዜ ገና ሁለት ዓመት አልሞላትም ነበር። ዓመት ሳይዞር፣ በ1877 ዓ.ም.፣ ኢጣሊያ በእንግሊዝ ፈቃድ ምጽዋን ያዘች፤ ኢትዮጵያም ከደርቡሾች ጋር የደም ባላጋራ ሆነች። ንጉሡ ነገሩን አስተውለው ከመተማው ጦርነት ጥቂት ወራት ቀደም ብለው ለደርቡሹ አዛዥ ለሐምዳን አቡ ዓንጃ የዕርቅ ደብዳቤ ላኩ። የሁለታችንም ጠላት አውሮፓዊው ነውና እርስ በርሳችን አንተላለቅ የሚል ነበር። አቡ ዓንጃ ግን የእንግሊዝ መኮንን የመራውን የግብፅ ጦር የደመሰሰ፣ ካርቱምንም የያዘ ኃይል አለቃ ነበርና መልሱ ንቀት ሆነ። ከመተማው ጦርነት በኋላ ዐሥር ዓመት ሳይሞላ፣ በ1890 ዓ.ም. መጨረሻ፣ እንግሊዞች በከረሪ ሜዳ ከዐሥር ሺህ በላይ የደርቡሽ ሰው በአንድ ቀን ፈጁ፤ ከእነርሱ ወገን የሞተው ኀምሳ እንኳ አልሞላም። ሁለቱም ወገኖች በጀግንነት አይታሙም። የንጉሡ ማስተዋል ዘግይቶ መጣ፤ የአቡ ዓንጃ ግን ጭራሽ አልመጣም። ድል ለሁለቱም መጋረጃ ሆኖባቸው ነበር።

ከዓድዋ ድል በኋላ ይህንኑ አደጋ በብዕሩ የተዋጋ ኢትዮጵያዊ ነበር። የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በ1904 ዓ.ም. አሥመራ ታተመ። ጸሐፊው የዓድዋ ተወላጅ ናቸው፤ በልጅነታቸው ወደ አውሮፓ ተሻግረው ተምረዋል። ታሪክ ማወቅ ለሁሉ፣ ይልቁንም ለገዥዎች፣ እንደሚበጅ ይናገሩና ታሪክ ጸሐፊ ሦስት ስጦታዎች ያስፈልጉታል ይላሉ፤ ያለፈውን የሚያስተውል ልቡና፣ የማያዳላ ፍርድና የጠራ አነጋገር። የአገራቸው ጸሐፊዎች በሦስቱም እንደሚበድሉ ሳይሸሽጉ ይወቅሳሉ። የመጽሐፉ ብርታት እዚህ ላይ ነው። ድል ያደረገ ሕዝብ ውዳሴ በሚጠብቅበት ሰዓት ስለ ጃፓን ነገሩት፤ በጦር ሜዳ የተገኘ ነፃነት በዕውቀት ካልጸና እንደማይዘልቅ አስጠነቀቁት። ጉድለት ቢገኝበት ምክሩ ከሁሉ በላይ ወደ ቤተ መንግሥት መመልከቱ ነው። ንጉሥ ያውቅ ዘንድ መከሩ፤ ሕዝቡ ሳያውቅ ንጉሡ ብቻ ቢያውቅ ምን ይሆናል ለሚለው ጥያቄ ግን በቂ መልስ አልሰጡም።

ሁለተኛው መጽሐፍ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ነው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ በ1924 ዓ.ም. መጀመሪያ መልእክተኛ ሆነው ወደ ጃፓን ሄዱ፤ መጽሐፉም በዚያው ዓመት ወጣ። የጃፓንን ሕገ መንግሥት አርአያ ያደረገው የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ገና መታወጁ ነበርና ጉጉቱ አያስገርምም። ኅሩይ ሁለቱን አገሮች ያነጻጽራሉ፤ የነገሥታቱን ረጅም የዘር ሐረግና የሕዝቦቹን ክብር እያነሡ መመሳሰልን ይፈልጋሉ። የአገር ፍቅራቸውና የተመልካችነት ዐይናቸው ያስመሰግናል። ነገር ግን ሌላውን አገር እንደ መስተዋት የተመለከተ ሰው የሚያየው የራሱን መልክ ነው። ኅሩይ ጃፓን ከመድረሳቸው ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ የጃፓን ጦር ማንቹሪያን መውረር ጀምሮ ነበር። ተስፋ የተጣለባት አገር እስያዊት ነፃ አገር ብቻ አልነበረችም፤ ራሷም ወራሪ ሆናለች። በ1928 ዓ.ም. ኢጣሊያ ስትወርረን ጃፓን አልደረሰችልንም። በ1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የነበረውን ሌጋሲዮኗን ወደ ቆንስላ ዝቅ አድርጋ የኢጣሊያን አገዛዝ ተቀበለች፤ ኢጣሊያም በፈንታው በማንቹሪያ ላይ የእርሷን ፈቃድ ፈጸመች። ኅሩይ በ1931 ዓ.ም. መጀመሪያ በእንግሊዝ አገር፣ በባዝ ከተማ፣ በስደት ላይ ሳሉ ዐረፉ።

ከሁለቱ የገብረ ሕይወት መጽሐፍ ዛሬም የሚጠነክረው፣ ሌላውን አገር ራስን ለመመርመሪያ እንጂ ራስን ለማድነቂያ ስላላዋለው ነው። የጎደለው ተራው ዜጋ ነው ብለናል። የዜጋን ጥቅም ያሳየን ደግሞ ከሩቅ አገር የመጣ ታሪክ ነው። በኅዳር 1928 ዓ.ም. መጨረሻ የእንግሊዙ ሆርና የፈረንሣዩ ላቫል ከኢትዮጵያ መሬት ሰፊውን ክፍል ለኢጣሊያ ሊሰጡ በምስጢር ተስማሙ። ወሬው በፓሪስ ጋዜጦች ሲወጣ የእንግሊዝ ሕዝብ ተቆጣ፤ ሆርም ሥልጣኑን ለቀቀ። ሲልቪያ ፓንክረስት ስለ ኢትዮጵያ የሚሟገተውን ጋዜጣዋን ማተም የጀመረችው አዲስ አበባ በወደቀችበት ሰሞን ነው። እነዚህ ሰዎች ወረራውን አላስቀሩትም፤ እርግጥ ነው። ነገር ግን በስማቸው ሊፈጸም የነበረውን አንድ ውል አስፈረሱ። ይህን ያደረጉት ኃያል ስለነበሩ ብቻ አይደለም፤ በካርታ ላይ የሚቆረሰው መሬት ሰው የሚኖርበት አገር መሆኑን ስላወቁ ነው።

ይህ ሁሉ በመጠለያ ለሚኖር አንባቢ ምን ያደርግለታል? ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቱነይድባ የተጠለለ ሰው ኃያል ነኝ ብሎ አያስብም። ኃያልነት ግን በሚዛን የሚታይ ነገር ነው። በሕዝብ ብዛት ከአፍሪካ ሁለተኛ የሆነች አገር፣ ራሷን ድኻ ብትልም፣ ለጎረቤቶቿ ኃያል ናት። ዛሬ እዚህ ከሚያድጉት ልጆች አንዳንዶቹ ወደ አገራቸው ይመለሱ ይሆናል፤ አንዳንዶቹም ወደ ሌላ አህጉር ተሻግረው የታላላቅ መንግሥታት ዜጎችና መራጮች ይሆናሉ። ያን ጊዜ ድምፃቸው ስለማያውቁት አገር ይወስናል፤ ያንን አገር የሚያዩበት ዐይን ደግሞ ዛሬ የሚፈጠር ነው።

ስለዚህ ሁለቱን መጻሕፍት አንድ ላይ ማንበብ ይበጃል፤ የአንዱ ጉድለት በሌላው ይታያልና። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እንዲሉ፣ ከሥሩ መጀመር ለሚሻ ግን ከመጽሐፍም የሚቀድም ነገር አለ። ከገበያው ማዶ የተቀመጠውን ሱዳናዊ ሽማግሌ ስለ 1881 ዓ.ም. ከአባቶቹ ምን እንደ ሰማ ጠይቆ፣ ሳያቋርጡ እስከ መጨረሻው መስማት ነው።