ግሡ እስኪመጣ

ሴትዮዋ ራሷን በሁለት እጇ ግጥም አድርጋ ይዛ «ሊገድለኝ ነው» አለች።

ሌሊቱ ተጋምሷል። ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል፣ በመጋረጃ በተከለለ አልጋ አጠገብ ቆሜያለሁ። በሩ ላይ ጥበቃ ተቀምጧል። ሴትዮዋን ያመጣት ፖሊስ ነው፤ መዝገቧ ላይም የቆየ የአእምሮ ሕመም እንዳለባት ተጽፏል። ነርሷ ወደ እኔ ዞረች። አስተርጓሚዋ እኔ ነኝና መናገር አለብኝ።

በአማርኛ ገዳዩ ባል ይሁን ሕመም ግሡ አይለይም፤ ሁለቱንም «እሱ» ብሎ ያልፋል። እንግሊዝኛ ግን ለሰው አንድ፣ ለነገር ሌላ ተውላጠ ስም ስላለው «ምረጪ» ይለኛል። የሰውን ብመርጥ «የሚያሳድዳት ሰው እንዳለ ታምናለች» ተብሎ ይጻፍና በቀድሞው መዝገብ ላይ ይደረባል። የነገርን ብመርጥና እውነትም የሚዝትባት ሰው ቢኖር፣ አፏን የዘጋሁት እኔ እሆናለሁ። ስለዚህ አልመረጥኩም። «አስተርጓሚዋ ማብራሪያ ልትጠይቅ ነው» ብዬ በእንግሊዝኛ አስታወቅኩና «እሱ ያሉት ማን ነው? ሰው ነው ወይስ ሌላ ነገር?» አልኳት።

«ራሴ ነዋ!»

ይሄ ደግሞ ባሰ። «ራሴ» ጭንቅላቴም ነው፣ እኔው ነኝም ነው። እዚያው ላይ ተቀብዬ ባስተላልፍ፣ ሴትዮዋ ራሷን ልታጠፋ ነው ተብሎ ሌላ ሩጫ ይጀመራል። ዝም ብዬ ጠበቅኩ። «ሦስት ቀኑ እኮ ነው፤ ከዚህ ጀምሮ አንገቴ ድረስ ይወጋኛል» አለች። ሐኪሙ ተጠራ። ትኩሳቷ እንደገና ተለካ፤ አገጯን ወደ ደረቷ ዝቅ አድርጊ ስትባል አቃታት፤ ከወገቧ ፈሳሽ ይወሰድ ተባለ። ውጤቱን አላወቅኩም፤ ፈረቃዬ አልቆ ነበር። አስተርጓሚ የሰው ታሪክ መሃል ላይ ገብቶ መሃል ላይ የሚወጣ ሰው ነው። እዚህ የማነሳቸው ሰዎች እንዳይለዩም ዝርዝሩን ቀያይሬያለሁ።

ያን ሌሊት የተደረገላት ምርመራ ውለታ አልነበረም። በሆስፒታሎች ዘንድ «ኤምታላ» እየተባለ የሚጠራው የ1986ቱ የፌዴራል ሕግ፣ ሜዲኬርን የሚቀበልና ድንገተኛ ክፍል ያለው ሆስፒታል ለሕክምና የመጣን ማንኛውንም ሰው፣ ኢንሹራንስ ኖረውም አልኖረውም፣ እንዲመረምርና ያለበት ሁኔታ ድንገተኛ ከሆነም እንዲያረጋጋው ያስገድዳል። የአእምሮ ቀውስም በዚህ ሕግ ድንገተኛ ሕመም ነው። የ1990ው የአሜሪካ አካል ጉዳተኞች ሕግ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውንም ሰዎች ይጠብቃል። እኔ እዚያ አልጋ አጠገብ መቆሜም በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግና በ2010ሩ የጤና ሕግ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ሕመምተኛዋ አትከፍልበትም። ለአካለ መጠን ያልደረሰን ልጅ ለእናቱ አስተርጉም ማለትም፣ ሌላ ሰው በሌለበት አጣዳፊ ሁኔታ ካልሆነ በቀር፣ አይፈቀድም።

ሕጎቹ ደህና ናቸው። ሁሉም የተጻፉት ግን ሕመምተኛው የተናገረው ለሐኪሙ ደርሷል በሚል ነው። መዝገቡ ላይ የአእምሮ ሕመም የተጻፈበት ሰው «ደረቴን» ቢል ጭንቀት ነው፣ «ሆዴን» ቢል የሐሳብ ነው የሚባልበት ጊዜ ብዙ ነው። መዝገቡ ከእሱ በፊት ይናገርለታል። እኔ ቃሉን አጉድዬ ካቀበልኩት ደግሞ ከመዝገቡ ጋር የሚከራከርለት ነገር አይኖረውም።

አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ማን፣ ማንን፣ የት፣ መቼ የሚለው ሁሉ ተዘርግፎ ዋናው ነገር ገና አልመጣም። እንግሊዝኛ ደግሞ ባለቤቱን እንደጠራ ግሡን ይፈልጋል። ስለዚህ ልምድ ያለው አስተርጓሚ ገምቶ ይቀድማል። ስለ ስኳር መድኃኒት በሚወራበት ክሊኒክ ግምቱ አብዛኛውን ጊዜ ይይዛል። አእምሮው የታወከ ሰው ፊት ግን ግሡ የት እንደሚያርፍ፣ ጭራሽ ይምጣ አይምጣ፣ አይታወቅም።

ይህን የተማርኩት አጥፍቼ ነው። በጀማሪነቴ አንድ ወጣት «መብራቱ እናቴን… መንገዱ ሁሉ ቁጥር… እኔ ለነሱ…» እያለ ግሥ የሌለው ነገር ይደረድር ነበር። እኔ ደግሞ የጎደለውን እየሞላሁ፣ የተበተነውን እየሰበሰብኩ ቀጥ ያለ እንግሊዝኛ አደረግኩለት። የአገሬ ልጅ በሰው ፊት እንዳይዋረድ ብዬ ነው። ሐኪሙ «በደንብ ያስረዳል፤ ቤቱ ሊሄድ ይችላል» አለ። ልጁ ጫማውን ሊያጠልቅ ጎንበስ ሲል ደነገጥኩ። ሐኪሙን ኮሪደር ላይ ደርሼበት «የተናገረው እንደዚያ አልነበረም፤ ያስተካከልኩት እኔ ነኝ» አልኩት። ትንሽ አየኝና ተመልሶ ገባ። በሁለተኛው ዙር የተሰበረውን እንደተሰበረ አቀበልኩ፤ የማይያዘውንም «ዐረፍተ ነገሩ አላለቀም» ብዬ ተናገርኩ። ልጁ እዚያው ቀርቶ ታከመ። የእኔ ጨዋነት ሕክምናውን ሊያሳጣው ነበር።

ማጥፋት በሌላም በኩል አለ። እናቴ ቡናው ሲገነፍልባት «ምነው በሞትኩት» ትላለች። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ አንዲት ሴት ይህንኑ ስትል «አባባል ነው» ብዬ ማቅለል እችላለሁ፤ ግን በእሷ አፍ አባባል መሆኑን በምን አውቃለሁ? ቃሉን እንዳለ እሰጣለሁ፤ በአማርኛ ለቀላልም ለከባድም ነገር እንደሚባል እጠቁማለሁ፤ የትኛው እንደሆነ ሐኪሙ ራሱ እንዲጠይቃት እተዋለሁ። «ዛር አለብኝ» ብትልም «ዛር» ብዬ አስተላልፌ ትርጉሙን ከእሷ እንዲሰማ አደርጋለሁ። የእኔ አያት የምታውቀው ዛርና የእሷ ዛር አንድ ላይሆን ይችላል።

ጥያቄዎቹም ወጥመድ አላቸው። «ድምፅ ይሰማዎታል?» ብለው ቃል በቃል የጠየቋቸው አንድ አባት «ምነው ልጄ፣ መቼ ደነቆርኩ?» ብለውኛል። «ሌላ ሰው የማይሰማው፣ ለእርስዎ ብቻ የሚመጣ ድምፅ» ማለት ያስፈልጋል። በስልክ ስሠራ ይባስ ብሎ ራሴ ያ ድምፅ ሆኜ አርፈዋለሁ፦ ስልኩ ከራስጌ ተቀምጦ፣ ፊት የሌላት ሴት በአማርኛ «ድምፅ ይሰማዎታል?» ትላለች። ስለዚህ መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ፣ ድምፄ ከየት እንደሚመጣ እናገራለሁ፤ ነርሷንም ስልኩን ሕመምተኛው የሚያየው ቦታ እንድታደርገው እለምናለሁ።

የእንግሊዝኛው «ዩ» ደግሞ ሌላ ሥራ ይሰጠኛል። ሐኪሙ አንድ ቃል ብሎ ያልፋል፤ እኔ «አንተ»፣ «አንቺ»፣ «እርስዎ» ከሚሉት አንዱን ማንሳት አለብኝ። አእምሮውን ያመመውን ሰው፣ ሽማግሌም ቢሆን፣ «አንተ» ማለት እኛ ዘንድ የተለመደ ነው፤ ከሕመሙ ጋር ማዕረጉም የወደቀ ይመስል። እኔ «እርስዎ» ብዬ እጀምራለሁ። ራቁቱን በሆስፒታል ጋዋን የተቀመጠ፣ ስልኩና ቀበቶው የተወሰደበት ሰው ቀና ብሎ ሲያየኝ ብዙ ጊዜ በዚህች ቃል ነው።

የሚወሰደው ቀበቶ ብቻ አይደለም። ራስን ለመጉዳት ያገለግላል የተባለ ገመድ ሁሉ ይወጣል፤ አንድ ምሽት የአንዲት ልጅ ማተብ ላይ መቀስ ቀረበ። ልጅቷ ጮኸች፤ ጥበቃው ገባ። እንዲህ ባለ ጊዜ ከመተርጎም ወጣ ብዬ፣ የምናገረው የራሴን መሆኑን አስታውቄ፣ አንድ ነገር እንዲጠይቁ መጠቆም ይፈቀድልኛል። «ይህ ገመድ ለእሷ ጌጥ ላይሆን ይችላል፤ ቢጠይቋት» አልኩ። ጠየቋት። «ማተብ አይበጠስም» አለች። ነርሷ መቀሱን ኪሷ ከትታ፣ ቋጠሮውን በጣቷ ፈትታ፣ እጇ አንጓ ላይ አጭር አድርጋ አሰረችላት። ከደህንነት ደንቡ የተነሳ ነገር የለም፤ ጥበቃው ግን ወጣ።

«አሰረችላት» አልኩ። ሥራዬ ላይ ከሁሉ የሚከብደኝ ይኸው ግሥ ነው። እጅና እግርን ከአልጋ ጋር መቀፍደድ፣ ወኅኒ መግባት፣ በፖሊስ መያዝ፣ አማርኛ ሁሉንም «መታሰር» ይለዋል። አልጋ ላይ ማሰር በዚህ አገር በዋዛ የሚታይ አይደለም። በ1998 «ሃርትፎርድ ኩራንት» የተባለው ጋዜጣ በ10 ዓመት ውስጥ በመታሰርና ለብቻ በመዘጋት ሳቢያ የሞቱ 142 ሰዎችን ቆጥሮ አወጣ፤ ሕጉ ከዚያ ወዲህ ጠበቀ። ኃይለኛ ባሕርይን ለመግታት የሚደረግ እስራት ሌላ መንገድ ሲታጣ ብቻ ነው፤ በ1 ሰዓት ውስጥ ባለሙያ የታሰረውን ሰው ፊት ለፊት ሊያየው ይገባል፤ ለአዋቂ ትእዛዙ ቢበዛ ለ4 ሰዓት ነው፤ አደጋው ሲያልፍ ሰዓቱ ባይሞላም ይፈታል።

የቨርጂኒያ ሰዓት ደግሞ ሌላ ነው። በሕግ ተይዞ ለግምገማ የመጣ ሰው እስከ 8 ሰዓት ይቆያል፤ ከዚያ ጊዜያዊ የማቆያ ትእዛዝ ከወጣበት ችሎት እስኪቀርብ እስከ 72 ሰዓት፣ ቅዳሜና እሑድ ወይም በዓል ከገጠመ ትንሽ ከዚያ በላይ፤ በችሎቱም ጠበቃ አለው። 8 ሰዓቱ የመጣው በሐዘን ነው። በ2013 የግዛቱ ሴናተር የክሪ ዲድስ ልጅ አልጋ ሳይገኝለት ሰዓቱ አልቆ ወደ ቤት ተመለሰ፤ በማግስቱ አባቱን በስለት ወግቶ የራሱን ሕይወት አጠፋ። በዓመቱ ሕጉ ተሻሻለ።

ይህን ሁሉ የያዘ ወረቀት ለሕመምተኛው ይሰጠዋል። እያነበብኩ ስተረጉምለት የሚጠይቀኝ ግን አንድ ነገር ነው፦ «ታስሬያለሁ?» «የለም፣ ወንጀል የለብዎትም» ማለት ያምረኛል፤ ግን መልሱ የእኔ አይደለም። ለገምጋሚው «ሕመምተኛው የተጠቀመበት ቃል እስር ቤትም ማለት ነው» ብዬ እነግረዋለሁ፤ ልዩነቱን ራሱ ያስረዳል፤ እኔም አስተላልፋለሁ።

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ፊት ተቀምጠን ነበር። ገምጋሚው በፈቃዷ ሆስፒታል እንድትገባ ጠየቃት፤ ፎርሙና ብዕሩ ጭኗ ላይ ነበሩ። ወለሉን እያየች «እሺ» አለች። ገምጋሚው ወረቀቱን ጠጋ አደረገላት። «አስተርጓሚዋ የምትለው አለ» አልኩ፤ «ይህ ቃል መስማማት ሊሆን ይችላል፤ ሰምቻለሁ ማለትም፣ ለትልቅ ሰው እምቢ አይባልም ማለትም ሊሆን ይችላል። የተረዳችውን በራሷ አባባል ብትነግርዎት።» ጠየቃት።

«እሺ ብያለሁ» አለች። «ልጄን ግን…»

ዝም አለች። የገምጋሚው ብዕር ከወረቀቱ ተነሳ። አእምሮዋን ያመማት እናት «ልጄን» ብላ ስታቆም ምን እንደሚታሰብ ሁላችንም እናውቃለን። እንግሊዝኛው ግሥ እየጠየቀኝ ነው፤ ዐይኖቹም እኔ ላይ ናቸው። እጄን ከፍ አድርጌ «አልጨረሰችም» አልኩ። ከመጋረጃው ወዲያ የሆነ መሣሪያ ይጮኻል። ጠበቅን።

«…ልጄን ግን ነገ ከትምህርት ቤት ማን ያመጣልኛል?»

አቀበልኩት። ገምጋሚው ፎርሙን ወደ ጎን አደረገና የትምህርት ቤቱን ስም ጠየቃት።