ከሥር ወደ ላይ፦ በርቀት የሚነዳ የፕላስቲክ ጡብ ፎር ዊል አመዛዘን

ከፕላስቲክ ጡብ ተገጣጥሞ በርቀት መቆጣጠሪያ የሚነዳ የፎር ዊል መኪና ሞዴል ጥራቱ የሚታወቀው በሆዱ ነው። ኮፈኑ፣ መብራቱና ፖርቶ መጋላው ዓይን ይስባሉ፤ ድንጋይ የሚያስወጣው ግን ከሥር የተደበቀው ነው። ገበያ ወርዶ በሬ የሚገዛ ገበሬ ጥርሱንና ኮቴውን ሳያይ ስለ ቀለሙ አይከራከርም። ሞዴል መመዘን የሚያውቅ ሰውም እንዲሁ ከመንዳቱ በፊት አንስቶ ይገለብጠዋል።

የዕቃውን ልክ ሳያውቁ ሥራውን መመዘን አይቻልም። ሌጎ በ1932 እ.ኤ.አ. በዴንማርኳ ቢሉንድ ከተማ የተመሠረተ ድርጅት ሲሆን፣ ዛሬ የሚታወቀውን ባለ ጉጥ ጡብ የፈጠራ መብት ያስመዘገበው ጥር 1958 እ.ኤ.አ. ነው። መኪና ለሚሠራ ሰው ትልቁ ዓመት ግን 1977 ነው፤ ቴክኒክ የተባለው ዘር ማርሽ፣ ዘንግና ቀዳዳ ያላቸው ወጋግራዎች ይዞ የወጣው ያኔ ነው። ሁሉም ነገር የሚለካው በ8 ሚሊ ሜትር ነው። ከአንዱ ቀዳዳ መሐል እስከ ቀጣዩ ቀዳዳ መሐል 8 ሚሊ ሜትር ነው፤ ባለ 8 ጥርስና ባለ 24 ጥርስ ማርሾች ልክ በሁለት ቀዳዳ ርቀት ይገጥማሉ፤ ባለ 12 እና ባለ 20 ጥርስም እንዲሁ። ዘንጉ ክብ ሳይሆን መስቀለኛ ስለሆነ ማርሹ በላዩ ላይ አይንሸራተትም። ይህን የሚያውቅ ገምጋሚ የሞዴሉን ሆድ እንደ ጽሑፍ ያነበዋል፦ ጥርስ ይቆጥራል፣ ቀዳዳ ይቆጥራል፣ ሠሪው በሐሳብ ይሥራ ወይስ በግምት ወዲያው ያያል።

ማወዳደሪያ ለሚፈልግ ፋብሪካው ራሱ ያወጣቸው ስብስቦች አሉ። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው ቁጥር 9398 (1,327 ቁራጭ)፣ በ2019 የወጣው 42099 (958 ቁራጭ) እና በ2021 የወጣው የመርሴዲስ ዜትሮስ ሞዴል 42129 (2,110 ቁራጭ) በየተራ የሥራውን እድገት ያሳያሉ። መመሪያ ተከትሎ መገጣጠም ትዕግሥትን እንጂ ችሎታን አያሳይም፤ እዚህ የሚመዘነው ሠሪው ከራሱ አውጥቶ የሠራው ነው።

የመሞከሪያው መሬትም መለኪያ ነው። የሞዴሉ ጎማ ቁመት 8 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ 80 ሳንቲ ሜትር ገደማ ጎማ ካለው ላንድክሩዘር ጋር ሲነጻጸር አንድ ለአሥር ነው። ስለዚህ ባለ 3 ሳንቲ ሜትር ጠጠር ለሞዴሉ ባለ 30 ሳንቲ ሜትር ድንጋይ ነው፤ በፍኖተ ሰላም መንደሮች የጋሪ ጎማ የቆፈረው ቦይ ደግሞ ሸለቆ ነው። በምዕራብ ጎጃም ሦስት ዓይነት መሬት በቅርብ ይገኛል፦ የቡሬ ዙሪያ ቀይ አፈር፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅና ሲርስ የሚጣበቀው ጥቁር ዋልካ፣ በጢስ ዓባይ ፏፏቴ አካባቢ ደግሞ እሳተ ገሞራ የተወው ጥቁር ድንጋይ። በተለቀለቀ አውድማ ላይ ብቻ የሚሮጥ ሞዴል ገና አልተፈተነም።

ሞዴሉ ሲነዳ መጀመሪያ የሚታየው ፍጥነት ሳይሆን ዝግታ ነው። ጀማሪ ሠሪ ሞዴሉ እንዲሮጥለት ይፈልጋል፤ የተካነው እንዲዳህለት ይፈልጋል። ኤክስኤል የሚባለው ትልቁ የቀድሞ የሌጎ ሞተር ያለ ጭነት በደቂቃ 220 ጊዜ ገደማ ይዞራል። ይህን በቀጥታ ከጎማ ጋር ያገናኘ ሠሪ ሞዴሉ ቤት ውስጥ ሲበርር ያያል፤ የመጀመሪያው ድንጋይ ላይ ግን ሞተሩ ያቃስትና ይቆማል። አንድ ጊዜ ከ12 ወደ 20 ጥርስ፣ ሌላ ጊዜ ከ8 ወደ 24 ጥርስ ቢቀነስ አምስት ዙር ወደ አንድ ይወርዳል፤ ጎማው በደቂቃ 44 ጊዜ ዞሮ 11 ሜትር ገደማ ይሄዳል። በአሥር ሲባዛ በሰዓት ከ6 እስከ 7 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ሾፌር በከባድ ማርሽ ዳገት ሲወጣ የሚይዘው ፍጥነት፣ እግረኛ ከሚራመድበት ብዙም የማይበልጥ። ጥሩ ሞዴል ድንጋይ ላይ ሲወጣ ድምፁ አይለዋወጥም። ወጥ የሆነ ዝቅተኛ እምታ ይሰማል፤ ጆሮ ከዓይን በፊት የሚፈርደው እዚህ ላይ ነው። ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ከተሰማ ማርሽ ጥርስ እየዘለለ ነው፤ ያ ሞዴል የቱንም ያህል ቢያምር ሥራው ጎድሏል።

ዋናው የሙያ ምስጢር ግን ፍጥነቱ ስንት ጊዜ እንደተቀነሰ ሳይሆን የት እንደተቀነሰ ነው። ፕላስቲክ ዘንግ ኃይል ሲበዛበት በቀላሉ አይሰበርም፤ እንደ ገመድ ይጠመዘዛል። ሠሪው ቅነሳውን ሁሉ ሞተሩ አጠገብ ከጨረሰው፣ ከዚያ በኋላ ያለው ዘንግ፣ ክሮቼራና ዲፈረንሻል ሙሉውን ጉልበት ይሸከማሉ፤ በመጀመሪያው ከባድ ዳገት አንዱ ይለቃል። የመጨረሻውን የሦስት ለአንድ ቅነሳ ጎማው ሥር ያደረገ ሠሪ ግን ሌላ ዓለም ውስጥ ነው፦ ከሞተር እስከ ጎማ ያለው ዘንግ በፍጥነት ይዞራል፣ የሚሸከመው ግን ጎማው ላይ የሚያርፈውን ጉልበት አንድ ሦስተኛ ብቻ ነው። ከዚህም ሌላ ትልቁ ማርሽ ከታች፣ ትንሹ ከላይ ሲሆን አክስሉ ራሱ ከጎማው መሐል ከፍ ይላል፤ የመርሴዲስ ኡኒሞግ ከድንጋይ በላይ የሚያልፈው በዚህ ዘዴ ነው። ጎማውን ነቅሎ ከጀርባው እነዚህን ሁለት ማርሾች ያገኘ ገምጋሚ በአንድ ጊዜ ሁለት ችግር የፈታ ሠሪ አገኘ ማለት ነው። ብዙ ነጥብ የሚሰጠው ለዚህ ነው።

ዲፈረንሻል ላይ ክርክር አለ። ሜዳ ላይ መኪናው ሲታጠፍ የውጭው ጎማ ከውስጡ የበለጠ መንገድ ስለሚሄድ ዲፈረንሻል ያስፈልጋል። ድንጋይ ላይ ግን አንዱ ጎማ አየር ላይ ሲንጠለጠል ኃይሉ ሁሉ ወደ እሱ ይሸሻል፤ መሬት የያዘው ቆሞ ይቀራል። በጭቃ የተያዘ መኪና አንድ ጎማ ብቻ ሲሽከረከር ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ሠሪው ዲፈረንሻሉን የሚቆልፍ መላ ካበጀ (42129 ይህን በሞተር ያደርገዋል) ምስጋና ይገባዋል። ዲፈረንሻሉን ጨርሶ ያስቀረም አይነቀፍም፤ በልል አፈርና በጠጠር ላይ ጎማው ሲታጠፍ ትንሽ መንሸራተቱ አይጎዳም። የሚነቀፈው ክፍት ዲፈረንሻል አስገብቶ ሞዴሉን የድንጋይ መኪና ብሎ የሚያቀርበው ነው።

ቀጥሎ ያለው አራቱ ጎማዎች መሬት ላይ የመቆየታቸው ጉዳይ ነው። ፈተናው ቀላል ነው። የቀኝ ፊት ጎማ ሥር ደብተር እየተደራረበ ይቀመጣል፤ ከሦስቱ አንዱ ከመሬት ሲነሳ ይቆምና ከፍታው ይለካል። የደብተሩ ክምር የጎማውን ግማሽ፣ ማለትም 4 ሳንቲ ሜትር ከደረሰ ሥራው ደህና ነው፤ ሙሉውን 8 ከደረሰ እጅግ ጥሩ። ይህን በተሻለ የሚያሳካው ሁለቱን ጎማ በአንድ ግንድ የሚያያይዘው ድፍን አክስል ነው፤ አንዱ ጎማ ሲነሳ ሌላውን ወደ ታች ይጫነዋል። ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚመረተው ላንድክሩዘር 70 እስከ ዛሬ ከኋላ ድፍን አክስልና ባሌስትራ ይዞ የቀረው ያለ ምክንያት አይደለም። እያንዳንዱን ጎማ ለብቻው የሚያንጠለጥል አሠራር ለፈጣን መንገድ ይመቻል፤ ለሚዳህ ሞዴል ግን ብዙ ዕቃ ይበላል፣ ሆዱንም ዝቅ ያደርገዋል። ሞዴሉ በራሱ ክብደት ጨርሶ የማይወርድ ከሆነ አሞርዛተሩ ጠንካራ ነው፤ ጎማው ጉድጓድ ተከትሎ መውረድ አይችልም። እስከ ታች ተጫጭኖ ከተቀመጠ ደግሞ ለስላሳ ነው። አሞርዛተሩ ሊወርድ ከሚችለው ሲሶ ያህል የወረደ፣ በጣት ሲጫኑት ያለ ማወላወል የሚመለስ ልኩን አግኝቷል። አክስሉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይዋዥቅ የሚይዙት ክንዶችም በእጅ ይሳባሉ፤ እዚህ ያለ ትንሽ ልልነት ድንጋይ ላይ ክሮቼራውን ከቦታው ያወጣዋል።

መሪውን ለመመዘን የአገር ልጅ ከማንም የተሻለ መነሻ አለው። ከሽቦ፣ ከቆርቆሮና ከነጠላ ጫማ ሶል መኪና ሠርቶ በረዥም ሽቦ እየነዳ ያደገ ልጅ ሁለቱ የፊት ጎማዎች አብረው ካልታጠፉ መኪናው እንደማይታዘዝ በእጁ ተምሯል። ያው ሕግ እዚህም ይሠራል። መሪው ሲለቀቅ ወደ መሐል ይመለስ እንደሆነ፣ ጎማው በጣት ሲወዛወዝ ምን ያህል ልልነት እንዳለው ይታያል። ጎማው የሚዞርበት ነጥብ ከጎማው መሐል በራቀ ቁጥር ሲታጠፍ ሰፊ ቅስት ይጠርጋል፣ ድንጋይም ይመታል፤ ነጥቡን ወደ ጎማው ውስጥ ያስገባ ሠሪ ያሰበ ነው።

ሻንሲው በሁለት እጅ ተይዞ እንደ እርጥብ ልብስ ይጠመዘዛል። መንጫጫት የለበትም። በጉጥ ብቻ የተደራረበ ጡብ ወደ ላይ ሲሳብ ይላቀቃል፤ በጎን በፒን የታሰረ ግን አይላቀቅም። ጥሩ ሻንሲ በየትኛውም አቅጣጫ ቢሳብ ቢያንስ አንድ ፒን ተሻግሮ ይይዘዋል። ሙጫ፣ ቢላና ምስማር ክልክል ናቸው፤ ሙጫ የገባበት ሞዴል ከምዘናው ይወጣል።

አንድ ነገር በጎጃም በተለይ ይታሰብ። የፕላስቲክ ጡብ እንደ ልብ የሚገኝ ዕቃ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ አገር በመጣ ዘመድ ሻንጣ ወይም ተመሳስሎ በተሠራ ርካሽ ካርቶን ይደርሳል። ስለዚህ ሠሪው ረዥም ወጋግራ አጥቶ ሁለት አጭር ቢያጋጥም ወይም ቀለሙ ቢዘበራረቅ ነጥብ አይቀነስበትም። እንዲያውም በጥቂት ቁራጭ ብዙ የሠራ በሙሉ ሳጥን ከሠራው ይበልጣል። ተመሳስለው የተሠሩ ጡቦች አንዳንዶቹ ይላላሉ፣ አንዳንዶቹ ከመጠን በላይ ይጠብቃሉ፤ ዘንግ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች ከጠበቁ ግጭቱ የሞተሩን ጉልበት ይበላል። ጎማውን ከመሬት አንስቶ በጣት ማዞር ይህን ያሳያል።

ክብደት ከወለሉ ሲርቅ ሞዴል ይገለበጣል። ጎማዎቹ በ16 ሳንቲ ሜትር ከተራራቁና የክብደቱ መሐል በ8 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ካለ፣ ሞዴሉ በጎን እስከ 45 ዲግሪ ዘንበል ብሎ ይቆማል፤ መሐሉ ወደ 12 ቢወጣ ከ34 ዲግሪ አያልፍም። ከሁሉ የሚከብደው የባትሪ ሳጥን በመሆኑ የት እንደተቀመጠ ማየት ይበቃል፦ ዝቅ ብሎ፣ ትንሽ ወደ ፊት ያጋደለ ከሆነ ዳገት ላይ የፊት ጎማዎች አይነሱም። ጣሪያ ሥር የተሰቀለ ባትሪ የስንፍና ምልክት ነው።

በኤሌክትሪኩ በኩል ሁለት ነገር ብቻ ይበቃል። እንደ 9398 ያለው የቀድሞው መቆጣጠሪያ በዓይን በማይታይ ብርሃን ይሠራል፤ በጠራራ ፀሐይ ከጥቂት እርምጃ በላይ አይታዘዝም፤ ስለዚህ በጠዋት ወይም በጥላ ይሞከራል። በብሉቱዝ የሚሠራውን ፀሐይ አይነካውም። ስድስት ተራ ድንጋይ ባትሪ 9 ቮልት ይሰጣል፤ ዳግም የሚሞሉት ስድስቱ 7.2 ቮልት ብቻ ናቸው፤ ሁለት ሞዴሎች ሲወዳደሩ ባትሪያቸው አንድ ዓይነት መሆን አለበት።

አካሉ በመጨረሻ ይታያል። ቀላል፣ በጥቂት ፒን የሚነሳ፣ ጎማው እስከ ላይ ሲነሳ ፓራፋንጎውን የማይነካ ይሁን። የሚወክለው መኪና ከሩቅ መታወቁ በቂ ነው።

ፈተናው በደረቅ መሬት ይካሄዳል፤ ሞተርና ሳጥኑ ውኃ አይችሉም፣ የጢስ ዓባይ ጢስ እንኳ ይጎዳቸዋል። እርጥብ ዋልካም ይቅር፤ ጎማውን ጠቅልሎ ኳስ ያደርገዋል እንጂ የሥራውን ጥራት አያሳይም። ሞዴሉ ቀይ አፈሩን ሽቅብ፣ ጥቁሩን ድንጋይ አግድም፣ የጋሪውን ቦይ ተሻግሮ ይነዳል፤ ከወደቀ ሠሪው ያለ መሣሪያ በእጁ ምን ያህል ቶሎ እንደሚጠግነው ይታያል። አንድ አክስል ለማውጣት ግማሹን መኪና ማፍረስ ካስፈለገ ጉድለት ነው። ለሩብ ሰዓት ከተነዳ በኋላ ገምጋሚው ረዥሞቹን ዘንጎች እንዲያወጣቸው ሠሪውን ይጠይቃል፤ አንድ በአንድ ወደ ብርሃን አንስቶ በአንድ ዓይኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይመለከታቸዋል። አራቱ ጠርዞች ቀጥ ብለው ከደረሱ ጉልበቱ በትክክል ተከፋፍሏል፤ እንደ ገመድ ከተጠመዘዙ ቅነሳው ያለ ቦታው ነው።