«ተማር» ማለትና ማስተማር

አለማየሁ እሸቴ ያዜመውን «ተማር ልጄ» የማያውቅ ወላጅ ጥቂት ነው። ዘፋኙ በነሐሴ ወር 2013 ዓ.ም. ቢያርፍም ምክሩ ዛሬም በየቤቱ ይሰማል። ዘፈኑ የትምህርትን ጥቅም አሳምሮ ይናገራል፤ ስለዚህም ሊመሰገን ይገባዋል። ነገር ግን በዘፈኑ ውስጥ የሚናገረው አባት ብቻ ነው፤ ልጁ አንድ ቃል አይመልስም። ይህ ለዘፈን ነውር አይደለም፤ ለወላጅና ለመምህር ግን ትልቅ ጉድለት ነው።

ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመንቀፍ ብቻ አይደለም፤ እኔም ራሴ በዚሁ ጥፋት ወድቄአለሁና። በ2017 ዓ.ም. እዚህ ኩታበር፥ የ8ኛ ክፍል ተማሪ የሆነ የጎረቤቴ ልጅ ውጤቱ እጅግ ዝቅ ብሎበት ትምህርቱን ጥሎ ወደ ዐረብ አገር ለመሄድ አሰበ። እናቱ «ጋሼ፥ እባክዎ ይምከሩልኝ» ብላ አመጣችው። እኔም የተማረ ሰው የሚያገኘውን ክብር፥ ያልተማረ ሰው የሚደርስበትን መከራ እየዘረዘርሁ አንድ ሰዓት ያህል ተናገርሁ፤ ሰነፍም አልሁት። ልጁ አቀርቅሮ ሰማኝና ሄደ። መጽሐፉን ግን አልገለጠም።

ከሳምንት በኋላ ንግግሩን ትቼ ወረቀትና እርሳስ ሰጠሁትና ግማሽና ሲሶ ሲደመር ስንት እንደሚሆን ጠየቅሁት። አላወቀም። ምክንያቱም ስንፍና አልነበረም። 3ኛ ክፍል ሳለ፥ በመጋቢት 2012 ዓ.ም.፥ ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት ተዘጉ፤ 5ኛ ክፍል በገባ ጊዜ፥ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ፥ ጦርነቱ ኩታበርና ደሴ ደረሰ። ልጁ ክፍልፋይን ሳይማር አለፈ፤ ከዚያ ወዲህ አፍሮ፥ ያልገባውን እንደ ገባው ሆኖ ተቀመጠ። እንዲህ ያለውን ልጅ «በርታ» ማለት፥ የታችኛው ርብራብ በተሰበረ መሰላል ላይ «ውጣ» እንደ ማለት ነው።

በየማታው ግማሽ ሰዓት ከ5ኛ ክፍል መጽሐፍ ጀመርን። በዓመቱ መጨረሻ ከክፍሉ አንደኛ አልወጣም፤ ነገር ግን አለፈ፤ የዐረብ አገሩንም ወሬ ተወ።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 ከመቶ። ያ ሁሉ ልጅ ሰነፍ ነው የሚል ሰው ሳይጠይቅ የሚፈርድ ሰው ነው።

እንግዲህ ወላጅ ሆይ፥ ካርዱ ሲመጣ «ስንተኛ ወጣህ?» ከማለትህ በፊት «የቱ ላይ ጠፋብህ?» በለው። ከዘፈኑ የቀረውን የልጁን ቃልም እስኪጨርስ ድረስ ስማው።