ሳሩ ሁለት ሥራ ነበረው፤ ቆርቆሮው አንዱን ብቻ ወሰደ

ግንቦት ላይ፣ ሐይቅ ከተማ፣ ስድስት ሰዓት ቀትር አካባቢ አንድ ነገር አስተውሉ። ዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጠ ሰው ተመችቶት ያወራል፤ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ያለው ደግሞ በሩን ከፍቶም ላቡን ይጠርጋል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ወይና ደጋ ናት። አየሩ ያው አንድ አየር ነው። ቤቱ ከዛፉ ጥላ ይበልጥ ከሞቀ ጥፋቱ የአየሩ ሳይሆን የጣሪያው ነው ማለት ነው።

እስቲ እናስላው። ሐይቅ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ስለሆነች፣ ሚያዝያ አጋማሽ አካባቢ የቀትር ፀሐይ አናት ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ስለዚህ ዋናውን ሸክም የሚቀበለው ግድግዳው ሳይሆን ጣሪያው ነው። ሰማዩ ጥርት ሲል በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1,000 ዋት ገደማ ያርፋል። 50 ካሬ ሜትር ጣሪያ ሲሦውን ብቻ ቢውጥ እንኳ ከ16 ኪሎዋት ይበልጣል፤ አራት የኤሌክትሪክ ምጣድ አንድ ላይ እንደ መሰካት በሉት። ብዙው በነፋስና በጨረር ወደ ውጭ ይመለሳል። የቀረው ግን የሚወርደው እናንተ አናት ላይ ነው።

የሳር ክዳን ሁለት ሥራ ነበረው፦ ዝናብም ሙቀትም ይከለክላል። በሳሩ መሐል የታሰረው አየር ሙቀት በቀላሉ አያሳልፍም። ቆርቆሮ ዝናቡን ከሳር በተሻለ ያዘ፣ ዕድሜውም ይረዝማል፣ በእሳትም አይነድም፤ ሰው የመረጠው በሞኝነት አይደለም። ነገር ግን ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ የማይሞላ ብረት ሙቀትን አይመክትም። ሁለተኛውን ሥራ ለማንም ሳንሰጥ ቀረን።

«ለኮርኒሱ ሰጥተናል» ትሉ ይሆናል። ትችቴም እዚህ ላይ ነው። አቡጀዴም ሆነ ቺፕውድ የጋለውን ብረት ስለሚጋርድ ይረዳል፤ አልክድም። ግን የምንገመግመው በውበቱ ብቻ ነው። በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል ያለውን ክፍተት ዙሪያውን ግጥም አድርገን እንዘጋና አየሩ እዚያው ይግላል። ከሰዓት በኋላ ኮርኒሱ ራሱ ምድጃ ይሆናል።

ከውጭ የሚቀዳው «ጣሪያ ሥር ወፍራም ፋይበርግላስ አንጥፉ» የሚል ምክርም እንዳለ አይሠራም። የእነሱ ሰመር ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ያኔ እኛ ጋ ዝናብ ነው። ምክሩ በአብዛኛው ቤታቸውን በማሽን ለሚያሞቁና ለሚያቀዘቅዙ ሰዎች የተጻፈ ነው። ንጣፉ መጥፎ ሆኖ ሳይሆን፣ ተራው መጨረሻ ላይ ነው።

መጀመሪያ ፀሐይዋን መመለስ። የዛገ ቆርቆሮ ሙቀት ይውጣል። አዲሱ ብርሃን ቢመልስም የዋጠውን ሙቀት በጨረር ለመልቀቅ ሰነፍ ነው። ነጭ ቀለም ሁለቱንም ይችላል። የህንዷ አህመዳባድ በ2017 እ.ኤ.አ. የድሃ ነዋሪዎችን ጣሪያ ነጭ መቀባት የጀመረችው ለዚህ ነው። እዚያ ኖራ ተጠቅመዋል፤ ቆርቆሮ ላይ ግን የብረት ቀለም ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ከኮርኒሱ በላይ ላለው አየር መውጫ መስጠት፦ ዝቅ ብሎ በጣሪያው ጠርዝ፣ ከፍ ብሎ ከጫፉ አጠገብ። አይጥና ወፍ እንዳይገባ በወንፊት ሽቦ ይሸፈን። የሞቀ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ያለ መብራት ራሱ ይሠራል። ኮርኒሱ ግን ቀዳዳ አይኑረው፤ አለዚያ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ቤት ይገባል።

ሦስተኛው ንጣፉ ነው፤ ቀን ሙቀቱን፣ ሌሊት ብርዱን ይከለክላል። ጭድ ለመበተን ያሰባችሁ ካላችሁ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ባለበት ተዉት፤ እሳት ነው።

ኮርኒስ ስናሠራ አናጺውን ስለ ቅርጹና ስለ ቀለሙ ብዙ እንጠይቃለን። ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ «ኮርኒሱ ላይ ያለው አየር በየት በኩል ይወጣል?» መልሱ «አይወጣም» ከሆነ፣ የምትገዙት መጋረጃ ነው።